አዲስ ወይስ ያገለገለ የናፍጣ ፒካፕ? መጀመሪያ ሞተሩን ምረጡ

ፒካፕ ሊገዛ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «አዲስ ይሻለኛል ወይስ ያገለገለ?» ብሎ ነው። እኔ ግን በሌላ ጥያቄ ነው የምጀምረው፦ መኪናው በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ምን ይጭናል? ናፍጣውንስ ከየት ይቀዳል? እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ የሚያዋጣው ሞተር ይታወቃል። ሞተሩ ከታወቀ ደግሞ አዲስ ወይም ያገለገለ የሚለው አብዛኛው ተመለሰ ማለት ነው።

ምሳሌ የማደርገው ቶዮታ ሃይሉክስን ነው፤ አገራችን ውስጥ መለዋወጫም መካኒክም በብዛት ያለው ለእሱ ነውና። ገበያ ላይ የሚገኙት ሦስት ዓይነት ሞተሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 3ኤል እና 5ኤል የሚባሉት፣ ተርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የሌላቸው፣ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩ የድሮ ሞተሮች ናቸው። ሁለተኛው ቪጎ በሚባለው የሃይሉክስ ትውልድ ላይ ያለው ኬዲ ነው፦ 2.5 ሊትሩ 2ኬዲ፣ 3.0 ሊትሩ 1ኬዲ። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በመጣው ሪቮ ላይ የገባው ጂዲ ነው፦ 2.4 ሊትሩ 2ጂዲ፣ 2.8 ሊትሩ 1ጂዲ።

የድሮዎቹ መጥፎ ናፍጣ ይችላሉ፣ ገጠር ያለ መካኒክም ይፈታቸዋል። ችግራቸው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። አንድ ቶን ጭኖ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ 5ኤል በሁለተኛ ማርሽ ጥቁር ጭስ እየተፋ ቢሄድ ሞተሩ ሞቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ዝዋይ ላይ ያ ሁሉ ጭስ ይቀንሳል። ሥራችሁ ደጋ ላይ ከሆነና ጭነት ካለው ተርቦ ያለው ፈልጉ።

ኬዲና ጂዲ ሁለቱም ኮመን ሬል ናቸው፤ ናፍጣው በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ ለሲሊንደሮቹ ይከፋፈላል ማለት ነው። ናፍጣው ወደ ኢንጀክተሩ (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ ወደሚረጨው ክፍል) የሚገባው 1,600 ባርና ከዚያ በላይ ሊደርስ በሚችል ግፊት ስለሆነ፣ ለዓይን የማይታይ አሸዋና ጥቂት ጠብታ ውኃ ፖምፓውንም ኢንጀክተሩንም ይበላሉ። ናፍጣ ከበርሜልና ከጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ አዲስ መኪና መግዛት ከዚህ አያድናችሁም፤ ይልቁንም ውድ የሆነውን ኢንጀክተር ቶሎ ትገድላላችሁ። እንዲህ ባለ ቦታ ለሚሠራ መኪና ውኃ የሚለይ ተጨማሪ ፊልትሮ ከዋናው በፊት ማስገጠም ግድ ነው። ከነባሩ ፊልትሮ ሥር ያለውን ማፍሰሻም በየሳምንቱ ፈታ አድርጎ ውኃውን ማውጣት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አዲሱ። ለአዲስ መኪና የምትከፍሉት ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ለታሪክ አልባነቱ ነው፤ ማንም አላሞቀውም፣ ማንም ከልክ በላይ አልጫነውም። ይህ እውነተኛ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የአዲሱ ዋጋ በብር ሲታይ ከብዙ ሰው አቅም ርቋል፤ ያገለገለ የማስገባት መንገዱም በ1186/2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ምክንያት ጠብቧል፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ይጨምራልና። ስለዚህ «ያገለገለ» ስንል ባብዛኛው አገር ውስጥ የሠራ መኪና ማለታችን ነው።

አዲስ ስትገዙ ሻጩን በጽሑፍ የምትጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ ይህ መኪና የጭስ ማጣሪያ፣ ማለትም ዲፒኤፍ፣ አለው ወይስ የለውም? ዲፒኤፍ ጥላሸቱን አጠራቅሞ በ600 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ያቃጥላል፤ ለዚህም መኪናው ሳይቋረጥ በጥሩ ፍጥነት መሄድ አለበት። ቀኑን ሙሉ ከመርካቶ ሳሪስ በትራፊክ መሐል የሚመላለስ መኪና ያን ሙቀት አያገኝም። ማጣሪያው ይደፈናል፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ የዘይቱ ልክ በዲፕስቲኩ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ዘይት የጨመረ መስሎ የሚታይ ሞተር ደስ ሊያሰኛችሁ አይገባም፤ ዘይቱ ቀጥኗል ማለት ነው። በዚያ ላይ ድኝ የበዛበት ናፍጣ ለዲፒኤፍ አይስማማም፣ ዘይቱም አመዱ ዝቅተኛ የሆነ ልዩ ዓይነት መሆን አለበት። ለአፍሪካ ገበያ የተሠሩ ሃይሉክሶች ብዙዎቹ ያለ ዲፒኤፍ የሚመጡ ሲሆን፣ ለአውሮፓ የተሠራው ግን ይኖረዋል። በግል ከውጭ የገባ «ዜሮ ዜሮ» መኪና ሲቀርብላችሁ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ሳታውቁ ቀብድ አትስጡ። አድብሉ (ጭሱን ለማጽዳት ለብቻው የሚሞላ ፈሳሽ) የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ እኔ አልገዛውም።

ያገለገለው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆይ፤ ገንዘብ የሚተርፈውም የሚጠፋውም እዚህ ነው።

መኪናውን ለማየት በጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ እንዳይነሳም አስቀድማችሁ ንገሩ። ስትደርሱ ኮፈኑን ከፍታችሁ እጃችሁን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ አድርጉ። ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ያን ቀን አትመልከቱት፣ በሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር የማያሳየው ችግር ጥቂት ነው። ቁልፉን አብሩ፣ የማሞቂያ ካንዴላው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ አስነሱ። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ውስጥ መነሳት አለበት። ረዥም ሞተሪኖ የሚፈልግ ኬዲ ኢንጀክተሩ ወደ ኋላ እየመለሰ ወይም ፖምፓው ግፊት እያጣ ሊሆን ይችላል። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ወጥቶ ቢጠፋ በብርድ ጠዋት ያለ ነው። እየቆየ የሚወጣ፣ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ግን ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሰማያዊው ዘይት ነው፤ ከፋሻ (ፒስተኑ ላይ ካሉት ቀለበቶች)፣ ከቫልቭ ጉሚኒ ወይም ከተርቦ ይመጣል።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱና ገልብጣችሁ እዚያው ላይ አስቀምጡት። ቀስ ብሎ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው፤ ዘሎ ከወደቀ ወይም እንደ ጭስ ማውጫ በጋዝ ከተነፈሰ ፋሻው አልቋል። ክዳኑን በያዛችሁበት ከውስጥ በኩል ያለውን እዩት። ኬዲ ላይ በኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ወሸር ስታልቅ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ላይኛው የዘይት ክፍል ይገባል፤ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል፣ ጥላሸቱ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፣ መጨረሻው የብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ሽፋን) መቃጠል ነው። ክዳኑ ውስጥ የደረቀ ጥቁር ቅርፊት ካያችሁ ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ሳይታይ ዋጋ አትነጋገሩ። ወሸሮቹ ርካሽ ናቸው፤ እነሱን ባለመቀየር የሚጠፋው ሞተር ግን የመኪናውን ሲሶ ዋጋ ሊወስድ ይችላል።

ከዚያ የኮምፒውተር ምርመራ ይከተላል። ጥሩ ጋራዥ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር የማስተካከያ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚጨምርለትን ወይም የሚቀንስበትን የናፍጣ መጠን፣ ያነብላችኋል። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ ኬዲ ላይ ቁጥሩ ከ3 በታች፣ በአሉታዊም ቢሆን ከ3 ያልራቀ እንዲሆን ፈልጉ። አንዱ ብቻ ርቆ ከሆነ የአንድ ኢንጀክተር ዋጋ ተደራደሩ። ሁለትና ሦስት ከሆኑ የአራቱን አስቡ፤ አንዱን ቀይሮ ሌሎቹን መተው በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ያስከፍታል።

ኬዲ ታይሚንግ ቤልት (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያጣጥም ቀበቶ) ነው ያለው፣ የሚቀየረውም በ150,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። መብራቱ ግን ቤልቱ ሳይቀየር ሊጠፋ ይችላል። ደረሰኝ ካላያችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። ጂዲ በሰንሰለት ስለሚሠራ ይህ ስጋት የለበትም፤ ለእሱ የምጨምርለት ነጥብ ይህ ነው።

የአየር ፊልትሮውን ቤት ክፈቱና ከፊልትሮው ወዲያ፣ ወደ ተርቦ በሚሄደው ቱቦ ውስጥ በጣታችሁ ጠረግ አድርጉ። አቧራ ከያዘ ሞተሩ አፈር ሲበላ ኖሯል፣ ሲሊንደሩም ፋሻውም በዚያው ልክ ተልጓል። ይህን የሚያይ ገዢ በጣም ጥቂት ነው።

ከታች ግቡና ሻንሲውን ተመልከቱ። ጭነት የበዛበት ፒካፕ የሚሰነጠቀው በጋቢናውና በጭነት ሳጥኑ መካከል ካለው ቦታና ከባሌስትራው ማሰሪያ አካባቢ ነው። እዚያ ላይ የብየዳ ጠባሳ፣ ወይም የቀረው ሻንሲ አርጅቶ ሳለ አንድ ክንድ የምታህል አዲስ ጥቁር ቀለም ካለች ጠይቁ። ባሌስትራ ተጨምሮ ከሆነ መኪናው ምን ሲሠራ እንደኖረ ነግሯችኋል። ከጎን ቆማችሁ በጋቢናውና በሳጥኑ መካከል ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል መሆኑን እዩ፤ እኩል ካልሆነ ሻንሲው ታጥፎ ሊሆን ይችላል።

የኪሎ ሜትሩን ቁጥር አትመኑ። የመስታወቶቹን ምልክትና የመቀመጫ ቀበቶው ሥር የተሰፋውን የተሠራበት ቀን አነጻጽሩ። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ተልጎ 90,000 የሚል ቆጣሪ ውሸት ነው። ሻንሲ ቁጥሩን ሃይሉክስ ላይ በቀኝ የፊት ጎማ አጠገብ ፈልጉት፤ በኤምአርዜሮ የሚጀምረው ታይላንድ፣ በኤኤችቲ የሚጀምረው ደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነው። የመለዋወጫ ቁጥራቸው አንዳንድ ቦታ ስለሚለያይ ዕቃ ስትገዙ ይጠቅማችኋል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፍ። አይሱዙ ዲማክስ በ3.0 ሊትሩ 4ጄጄ1 ለጭነት ከቪጎ አያንስም፣ በሰንሰለት ነው፤ የአይሱዙ ጭነት መኪና የለመደ መካኒክም ሞልቷል። ሚትሱቢሺ ኤል200 በ4ዲ56 ሁለት ቤልት አለው፤ ትንሹ ተበጥሶ ትልቁን ያስታል፣ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። ኒሳን ናቫራ ዲ40 የመጀመሪያዎቹ ሰንሰለታቸው ይለጠጣል። ፎርድ ሬንጀር 3.2 ዘይቱ ፈስሶ ሳለ ከ10 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም፣ ፖምፓው ዘይት መሳብ ሊያቅተው ይችላልና፤ ይህን የማያውቅ ጋራዥ አትውሰዱት።

ወረቀቱ ከሞተሩ እኩል ያስፈራኛል። ፒካፕ በኢንቨስትመንት ማበረታቻና በድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ በብዛት ሲገባ የኖረ መኪና ነው፤ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ ወደ እናንተ አይዞርም። ሊብሬውን በዋናው እዩ፣ ሻንሲና ሞተር ቁጥሩን መኪናው ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ፣ እገዳና የባንክ ዕዳ እንደሌለበት ከትራንስፖርት ቢሮው አረጋግጡ። «በውክልና ውሰደው፣ ስሙ በኋላ ይዞራል» የሚል ሽያጭ አልቀበልም፤ ውክልና ይሻራል፣ ወካዩ ከሞተም ይቋረጣል። ከመንግሥትና ከእርዳታ ድርጅት ጨረታ የሚወጡት የጥገና መዝገብ ስላላቸው እወዳቸዋለሁ፣ ግን ቀረጡን ማን እንደሚከፍል የጨረታ ሰነዱ ላይ አንብቡ።

ታዲያ የትኛው? በዓመት ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድና አንድ ቀን ሲቆም ገቢ የሚያቋርጥ መኪና ከሆነ፣ አቅሙ ካለ አዲሱን፣ ዲፒኤፍ የሌለውን ግዙ። ከ15,000 በታች ለሚሄድ ሰው መዝገቡ የሚታይ ቪጎ ይበቃዋል፤ ከዋጋው 15 በመቶ ያህሉን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ለይቶ ያስቀምጥ። መዝገብ ከሌለው የ5 ዓመት ሪቮ ይልቅ የ12 ዓመት መኪና ከነመዝገቡ እመርጣለሁ። ብዙ ሰው የሚከስረው እንዲህ ባለው መካከለኛ ዕድሜ ያለው ሪቮ ላይ ነው፤ አዲስ ይመስላል፣ ዋጋው ለአዲሱ ይቀርባል፣ ኢንጀክተሮቹ ግን ያለቁ ናቸው።

ያገለገለውን ከገዛችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀይሩ (ኬዲ ወደ 7 ሊትር፣ ጂዲ 7.5 ሊትር ይወስዳል)። የናፍጣና የአየር ፊልትሮውን፣ ኬዲ ከሆነ ታይሚንግ ቤልቱን ከነወጣሪው፣ የካምቢዮና የሁለቱን ዲፈረንሻል ዘይትም አብራችሁ ቀይሩ። የዲፈረንሻሉ ዘይት ወተት ከመሰለ ወንዝ ውስጥ ውኃ ገብቶበታል። የወጣውን የዘይት ፊልትሮ አትጣሉት፤ በመጋዝ ቆርጣችሁ ወረቀቱን በፀሐይ ዘርጉት። የመዳብ መልክ ያለው ብልጭልጭታ ካለ ብሮንዚናው እየሄደ ነው። የናፍጣ ፊልትሮውንም እንዲሁ አድርጉ፤ እዚያ ላይ የብረት ብናኝ ከታየ ፖምፓው ራሱን እየበላ ስለሆነ መኪናውን አቁሙት፣ ታንከሩም ቱቦውም ሳይታጠብ አዲስ ኢንጀክተር አታስገጥሙ።