የጀልባዬን ሽንት ቤት ነቅለን የጠገንን ጊዜ

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንት ዘግቻት ቆይቼ የጀልባዋን በር ስከፍት የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ነገር አፍንጫዬን መታኝ። ጠረግሁ፣ አጠብሁ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ አሳደርኩት፤ ያው ነው። በሳምንቱ ደግሞ በፓምፕ ገፍቼ ያስወጣሁት ቆሻሻ ተመልሶ ሳህኑ ውስጥ ጠበቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ከፓምፑ እጀታ ሥር ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

ጀልባዋ ካታሊና 30 ናት። እንደ ፈረንጆቹ በ1979 የተሠራች፣ 9 ሜትር የምትሆን ባለ ሸራ። እዚህ አሜሪካ ሲያትል፣ ሺልሾል ቤይ የሚባል የጀልባ ማቆሚያ ነው የምትታሰረው። የባሕር ዳር ልጅ ነኝና ከውሃ ርቆ መኖር አይሆንልኝም። አሮጌ ጀልባ ለመግዛት የሚያስቡ ሐበሾች ደውለው ስለ ሞተሩና ስለ ሸራው ይጠይቁኛል፤ ስለ ሽንት ቤቱ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። ለዚህ ነው ከእሱ የምጀምረው።

የጀልባ ሽንት ቤት እንደ ቤታችን አይደለም። ሳህኑ ብዙ ጊዜ ከውጪው ውሃ በታች ይውላል። ከጀልባዋ ሆድ ላይ ቀዳዳ አለ። በዚያ ቀዳዳና በአንድ ቫልቭ በኩል፣ 19 ሚሊ ሜትር በሆነ ጎማ የባሕር ውሃ ይገባል፤ የእጅ ፓምፑ ሳህኑን ያጥብበትና 38 ሚሊ ሜትር በሆነው ወፍራም ጎማ ወደ ማጠራቀሚያው ታንከር ይገፋዋል። ቫልቩ ክፍት ከተተወና የፓምፑ ጎሚኒዎች ካረጁ፣ የባሕሩ ውሃ ማንም ሳይነካው ራሱን እየሳበ ሳህኑን ይሞላል፣ ከሳህኑ አልፎ ወለሉን ይሞላል፣ ሌሊቱን ሙሉ። ወደብ ላይ እንደታሰሩ የሚሰጥሙ ጀልባዎች አሉ፤ አንዱ መንገድ ይኼ ነው። ያቺን ጠብታ ሳይ የሽታው ነገር ሁለተኛ ሆነብኝ።

ለጋሼ ደወልኩ። የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት በቧንቧ ሥራ የኖሩ ሰው። ነገሩን ሳስረዳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ዋናው መዝጊያ ይሠራል?"

ሞክሬው እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

"እንግዲያው እኔ ሳልመጣ አንድ ብሎን እንዳትነካ!"

ቅዳሜ ጠዋት ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ሴጌቶ በዘንቢል ይዘው መጡ። መግቢያው ቫልቭ የነሐስ ነው፤ እጀታው ደርቆ አልዞር አለ። እኔ ላጣምመው ስል እጄን ያዙኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቫልቩ ከሥሩ ቢገነጠል የሚመጣውን ውሃ የሚያቆመው የለም። ለዚያ ቀዳዳ ልክ የተቀረጸ ሾጣጣ እንጨት ከነመዶሻው አጠገባችን አኖርን። ዘይት ነፋንበት፣ ቡና ጠጣን፣ ከዚያ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ እያሉ ሃያ ደቂቃ ያህል ታገሉትና ዞረ። መዘጋቱንም በዓይናችን ነው ያረጋገጥነው፤ ጎማውን በትንሹ አላልተን ባልዲ ደገንንበት። ጥቂት ፈስሶ ቆመ።

ከዚህ በፊት ታንከሩን አስመጥጠን ነበር። ፒውጀት ሳውንድ፣ ማለት ሲያትል ያለችበት የባሕር ወሽመጥ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ በመሣሪያ የታከመም ቢሆን፣ ከጀልባ መልቀቅ የተከለከለበት ውሃ ነው፤ የከተማው ሐይቆች ሌክ ዩኒየንና ሌክ ዋሽንግተንም እንደዚያው። ማሪናዎቹ (የጀልባ ማቆሚያዎቹ) መምጠጫ አላቸውና ሰበብ የለንም። ከዚያ በንጹህ ውሃ ሦስት አራት ባልዲ ገፍተን አጠብነው። ይኼን ደረጃ አትዝለሉት፤ ጎማ ሲፈታ እጃችሁ ላይ የሚፈስሰው ምን እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው።

ሽንት ቤቱ ወለሉ ላይ በአራት ብሎን ነው የታሰረው። ሦስቱ ወጡ። አራተኛው ጭንቅላቱ ተበልቶ ካቻቢቴ አልይዝ ስላለ ጋሼ ተንበርክከው በሴጌቶ ቆረጡት። ወፍራሙ ጎማ ግን በጉልበትም በፈላ ውሃም አልላቀቅ አለን፤ መጨረሻ ላይ ጫፉን በቢላ ርዝመቱን ሰነጠቅነው። ለማንኛውም ሊጣል ነው። ሁሉንም በጥቁር ፌስታል ጠቅልለን ወደ መሬት አወጣነው።

ጎማውን ከፍተን ስናይ ነው ነገሩ የገባን። ውስጡ እንደ ኖራ በነጣ ድንጋይ ተሞልቷል፤ አውራ ጣቴን እንኳ አላስገባ አለኝ። የባሕር ውሃና ሽንት ሲገናኙ የሚጋገር ነገር ነው፣ በየዓመቱ ስስ ስስ እያለ የሚደራረብ። ጋሼ አንዱን ቁራጭ ሲሚንቶ ላይ ቢመቱት በቅርፊት በቅርፊት እየተሰበረ ወጣ። ጎማው ደህና ከሆነ እንዲህ አራግፎ መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ ፍርፋሪው ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ሸራ አንጥፉ። የእኛ ግን ደህና አልነበረም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ንጹህ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ የጎማውን ውጪ አጥብቃችሁ እሹት፣ ሲቀዘቅዝ ጨርቁን አሽትቱት። ጨርቁ ከሸተተ ሽታው ጎማውን አልፎ ወጥቷል ማለት ነውና ምንም ብታጥቡ አይለቅም። የእኛ ጨርቅ ሸተተ።

የእንቁላሉ ሽታ ግን ከዚያ አልነበረም። በቀጭኑ መግቢያ ጎማ ውስጥ የባሕር ውሃ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቆም፣ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ሞተው ይበሰብሳሉ። በመጀመሪያው ፓምፕ ያ ሽታ ቀድሞ ይወጣል። መፍትሔው ከመሄድ በፊት መስመሩን በንጹህ ውሃ መሙላት ነው።

እዚህ ላይ ስለ በረኪና ልናገር፣ ምክንያቱም ሐበሻ ቤት ሽንት ቤት ሲሸት እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። እኔም ዓመታት አፍስሼበታለሁ። በረኪና የፓምፑን ጎሚኒ ያደርቃል፣ ያንን ድንጋይም አያሟሟም። ድንጋዩን ቀስ እያለ የሚበላው አቼቶ ነው። በወር አንዴ ግማሽ ሊትር ያህል አፍስሱ፣ ወደ ጎማው እንዲደርስ ትንሽ ግፉት፣ ይደር፣ ጠዋት በውሃ ይታጠብ። ሁለቱን ግን በፍጹም አታገናኙ! በረኪናና አቼቶ ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ያቺ ክፍል ደግሞ ከቁም ሳጥን አትሰፋም።

ጥገናው ራሱ ከመንቀሉ ይቀላል። ለፓምፑ የሚሸጥ ሙሉ የጎሚኒ ስብስብ አለ። የፒስተኑ ኦሪንግ፣ ማለት ቀለበት የመሰለው ጎሚኒ፣ አልቆ ነበር፤ እጀታው ሥር ያለው ማተሚያም እንደዚያው፣ ጠብታው የሚመጣው ከእሱ ነው። ተመልሶ ሳህኑ ውስጥ ለሚገባው ቆሻሻ ተጠያቂዋ ግን መውጫው ላይ ያለችው የዳክዬ አፍ የመሰለች ጎማ ናት። ቆሻሻው ሲገፋ ትከፈታለች፣ ሊመለስ ሲል ትዘጋለች። የእኛ አፏን ከፍታ ደርቃ ቀርታለች። አዲሷ ስትገባ አፏ ወደ መውጫው ጎማ መዞር አለበት፤ ከተገለበጠች ምንም አይሄድም። ሁሉንም በሲሊኮን ቅባት ለቅልቀን መለስን።

በሁለተኛው ቅዳሜ አዲሱን ጎማ ገጠምን። ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሳሙና መቀባት፣ ወዲያው መግፋት ነው። ከውሃ በታች ያለው መጋጠሚያ ሁሉ ሁለት ሁለት የማይዝግ ፋሼታ ይደረግበታል፤ ጋሼ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይያዘው ብለው የብሎኖቹን አፍ በተቃራኒ አዞሯቸው። ከዚያ ከመጀመሪያው ያልነበረውን ነገር ጨመርን፣ ከፓምፑ ወደ ሳህኑ በሚሄደው ጎማ ላይ፣ ከውጪው ውሃ በጣም ከፍ ብሎ የታጠፈና አናቱ ላይ አየር የሚያስገባ ቱቦ። ውሃው ራሱን መሳብ ሲጀምር አየር ይገባና ይቋረጣል። ከቫልቩና ከፓምፑ መሀል ካደረጋችሁት ፓምፑ አየር እየሳበ ውሃ አልይዝ ይላል፤ ቦታው ከፓምፑ በኋላ ነው።

ለሙከራ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ጠቅልለን ቫልቩን ከፈትነው። ሃያ ጊዜ ገፋሁ። ጋሼ በባትሪ እያበሩ አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም ደረቅ ነበር፣ ታች ካለው ከአንዱ በቀር። እሱንም አጠበቅነው።

አሁን ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ጠብታ የለም፣ በሩን ስከፍትም የሚሸተኝ ውሃና አሮጌ እንጨት ነው። መግቢያውን ቫልቭ ከጀልባዋ ከመውረዴ በፊት ሁልጊዜ እዘጋዋለሁ። እሱ ራሱ ግን አርጅቷል፤ በፀደይ ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ይቀየራል። እስከዚያ ሾጣጣው እንጨት በሲባጎ ጎኑ ላይ ታስሮ ተንጠልጥሏል።