ዛሬ ኮምፒውተር ሳንነካ ዋልን
ጂማ ዝናቡ ሳያባራ ዋለ። የድራፍቲንግ (የሕንፃ ንድፍ ሥራ) አሰልጣኛችን ኮምፒውተሩን አስዘግተው ሜትርና እርሳስ አስያዙን። የሕንፃውን ደረጃ ለክተን በእጅ እንድንሥል።

ስኬሉ አልከበደኝም። በ1፡50፣ 3 ሜትር ግድግዳ ወረቀት ላይ 6 ሴንቲሜትር ነው። ሴክሽኑ ላይ፣ ማለትም ሕንፃው እንደተቆረጠ ተደርጎ በሚሣለው ንድፍ ላይ ግን ተያዝኩ። ደረጃው ሲቆረጥ ከጀርባው ምን እንደሚታይ በጭንቅላቴ ማየት አቃተኝ። ሦስቴ በላጲስ አጠፋሁት።

አሰልጣኙ አጠገቤ ቁጭ አሉ። "ልጄ፣ ግንበኛው የሚያየው ወረቀቱን ነው። አንተ እዚያ የለህም።" ልቤ ውስጥ ገባ። አንድ የተረሳ ልኬት ማለት እኮ የሚፈርስ ግድግዳ፣ የሚባክን ሲሚንቶ ነው! የአውቶካድ (በኮምፒውተር ንድፍ የምንሠራበት ፕሮግራም) ትዕዛዝ በልምምድ ይያዛል። ይሄ ዓይን ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ማታ የእናቴን ረከቦት ከላይ፣ ከፊትና ከጎን ሣልኩት። እግሮቹ ላይ ገና እየታገልኩ ነው።