ያለ ምክንያት «ሜክ ክሊን» የሚል ቡና ይጋብዛል

በእኛ ወርክሾፕ ያለ በቂ ምክንያት ኮምፒውተር ላይ «ሜክ ክሊን» የሚል ትእዛዝ የጻፈ ሰው የዕለቱን ቡና ይከፍላል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ጭካኔ ይሉታል፤ እየከፈሉ ይማራሉ።

ሥራችን እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ በኩል፣ ዲጂታል ሚዛን መጠገንና ሚዛኑን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ደንበኞቻችን ከጫጫ፣ ከአንጎለላና ከደነባ የሚመጣውን ገብስ የሚረከቡ ነጋዴዎች ናቸው። በሲ ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራማችን ክብደቱን ከሚዛኑ ያነባል፣ ዋጋውን ያሰላል፣ ደረሰኝ ያትማል። ያን ያህል ትልቅ ባይሆንም በብዙ ፋይሎች የተከፋፈለ ነው፤ የትኛው ፋይል መቼ ኮምፓይል እንደሚደረግ (ማሽኑ ወደሚያስኬደው ቋንቋ እንደሚለወጥ) የሚወስነውም ሜክ የሚባለው መሣሪያ ነው። (የፋይል ስሞችንና ትእዛዞችን እዚህ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ታገኟቸዋላችሁ።)

«ሜክ ክሊን» እስከዚያ ድረስ የተሠራውን ሁሉ ደምስሶ ከዜሮ ያስጀምራል። አዲስ ኮምፒውተር ላይ የጥቂት ሰከንድ ጉዳይ ነው፤ ነጋዴዎቹ ዘንድ ባሉት አሮጌ ማሽኖች ላይ ግን ሻይ ጠጥቶ ለመመለስ ይበቃል። የእኔ ቅሬታ የጊዜው አይደለም። «ሁሉንም ካልደመሰስኩ ውጤቱን አላምነውም» የሚል ሰው ሜክፋይሉ (የሜክ ደንቦች የሚጻፉበት ፋይል) እንደሚዋሸው ያውቃል፤ አውቆም ዝም ብሏል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ዝምታ ነው።

አንድ የሜክ ደንብ የሚናገረው ጥቂት ነው። ከሁለት ነጥቡ በስተግራ የምንፈልገው ፋይል ይቀመጣል፤ በስተቀኝ እርሱን ለመሥራት የሚያስፈልጉት ይዘረዘራሉ፤ ከሥር በታብ ገባ ብሎ ትእዛዙ ይጻፋል። ሶርስ ፋይልን (እኛ የጻፍነውን) ወደ ኦብጀክት ፋይል (ኮምፓይል ወደተደረገው ቁራጭ) የሚለውጠው ደንብ ይህ ነው፦

%.ኦ: %.ሲ
        ጂሲሲ -ሲ $< -ኦ $@

የፐርሰንት ምልክቱ ማንኛውንም ስም ይተካል፤ ስለዚህ ይህ አንድ ደንብ ለሚዛን.ሲም ለደረሰኝ.ሲም ያገለግላል። $< ማለት ከሚያስፈልጉት ፋይሎች የመጀመሪያው፣ $@ ማለት ደግሞ የሚሠራው ፋይል ነው። «-ሲ» ኮምፓይለሩን ጂሲሲን ኦብጀክት ፋይሉ ላይ እንዲያቆም ያዘዋል፤ ሁሉንም አንድ ላይ የማያያዙ ሥራ በመጨረሻ የሊንከሩ ነው። ለመንዝ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሱፉ ተፈትሎ ያልቅና ነው ሸማኔው ባናውን የሚሠራው፤ አንዱ ልቃቂት ቢበላሽም እርሱ ብቻ እንደገና ይፈተላል እንጂ ሱፉ ሁሉ አይጣልም።

ሜክ የትኛው እንደገና መሠራት እንዳለበት የሚወስነው የፋይሉን ይዘት አንብቦ አይደለም። የሚያየው ፋይሉ መጨረሻ የተነካበትን ሰዓት ብቻ ነው። ሚዛን.ሲ ከሚዛን.ኦ በኋላ ከተነካ ትእዛዙን ያስኬዳል፤ አለበለዚያ ያልፋል።

ይህ ሁሉ የተጀመረውም በአንድ የባከነ ጠዋት ነው። በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ስቲቭ ጆንሰን ትክክል የሆነ ፕሮግራም ላይ ስህተት ሲፈልግ አረፈደ። ስህተቱን ቀደም ብሎ አስተካክሎታል፤ ያስተካከለው ፋይል ግን እንደገና ኮምፓይል ስላልተደረገ የሚሮጠው አሮጌው ነበር። ተናድዶ ወደ ባልደረባው ወደ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ሄደ። ፌልድማንም በዋዜማው ምሽት በተመሳሳይ ጣጣ ውስጥ ነበርና በ1976 እ.ኤ.አ. ሜክን ጻፈ። ሁላችንንም የሚያማርረው የታብ ጉዳይም የእርሱ ነው። በታብ ፋንታ ስምንት ክፍት ቦታ ብትተዉ ለዓይን ልዩነት የለውም፤ ሜክ ግን አይቀበለውም። ሊያስተካክለው ሲያስብ ደርዘን ያህል ተጠቃሚዎች አፍርቶ ስለነበር እነርሱን ላለማስቸገር ተወው። በኋላ በ2003 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሆነውን የኤሲኤምን የሶፍትዌር ሽልማት አግኝቷል። ታቡን እያሰብኩ እንኳ ይገባዋል እላለሁ።

ወደ ውሸቱ ልመለስ። ከእኛ በፊት ፕሮግራሙን የጀመረው ባለሙያ የጻፈው ደንብ ልክ ከላይ እንዳስቀመጥኩት ነበር። ጉድለቱን ለማየት ደረሰኝ.ሲን መክፈት ያስፈልጋል። ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ ጭነት.ኤች የሚባለውን ሄደር (ብዙ ፋይሎች የሚጋሩትን የመግለጫ ፋይል) ይጠራል፤ ሚዛን.ሲም እንዲሁ። ሄደሩ የአንድ ጭነት መረጃ እንዴት ተሰድሮ እንደሚቀመጥ ይናገራል፦ መጀመሪያ ክብደት፣ ቀጥሎ ዋጋ። ደንቡ ግን ስለ ሄደሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

የገብሱ እርጥበትም ይመዝገብ ተባለና በክብደትና በዋጋ መካከል አዲስ መስመር ገባ። እርጥበቱን እንዲያነብ ሚዛን.ሲም ተነካ፤ ዋጋ.ሲም በዚያው ሳምንት ለሌላ ጉዳይ ተነክቶ ስለነበር ሁለቱም እንደገና ተሠሩ። ደረሰኝ.ሲን የነካው ስላልነበረ ሜክ አለፈው። አሁን ሚዛን.ኦ በሁለተኛው ቦታ እርጥበት ያስቀምጣል፤ ደረሰኝ.ኦ ሁለተኛው ቦታ ላይ ያለው ዋጋ ነው ብሎ ያትማል። ሊንከሩ አንዳች አላለም፤ እርሱ የሚያዛምደው ስሞችን እንጂ በውስጣቸው ያለውን አሰዳደር አይደለምና።

ነጋዴው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ገበሬው ሊያንቀኝ ነው። ወረቀቱ ኩንታሉን በአሥራ ሦስት ብር ከሃምሳ ገዛኸው ይላል።»

«ጋሼ፣ እርሱ ዋጋው አይደለም፣ የገብሱ እርጥበት ነው።»

«እሱን መጥተሽ ለገበሬው ንገሪልኛ!»

«ሜክ ክሊን» ቢባል ኖሮ ደረሰኙ በደቂቃ ውስጥ ይስተካከል ነበር፤ ምክንያቱንም ማንም ሳያውቅ ይቀር ነበር። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ሰው ሳይገባው ስለዳነ በሌላ ቀንም ያንኑ ይደግማል።

ትክክለኛው መድኃኒት ሄደሮቹን በእጅ መዘርዘር አይደለም፤ ዝርዝሩ ሳምንት ሳይቆይ ያረጃል። የትኛው ፋይል የትኛውን ሄደር እንደሚጠራ ከኮምፓይለሩ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እርሱው ይጻፈው። ለጂሲሲ «-ኤምኤምዲ» የሚል ምርጫ ስትጨምሩ ከእያንዳንዱ ኦብጀክት ፋይል ጎን ሄደሮቹን የሚዘረዝር ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ ሜክፋይሉ መጨረሻ ላይ «-ኢንክሉድ» በሚል መስመር እነዚያን ፋይሎች ታስገባላችሁ። «-ኤምፒ»ንም አትርሱ፤ አለበለዚያ አንድ ሄደር በተሰረዘ ቀን ሜክ «ይህን ፋይል የምሠራበት ደንብ የለኝም» ብሎ ይቆማል። የኮምፓይለሩን ምርጫዎች ብትቀይሩም ሜክ አያውቅላችሁም፤ እኛ ኦብጀክት ፋይሎቹ ሁሉ በሜክፋይሉ በራሱ ላይ እንዲመረኮዙ አድርገናል። የሜክን ዓይነት ሥራ የሚሠራው ኒንጃ የሚባለው መሣሪያ ግን ያለፈውን ትእዛዝ መዝግቦ ስለሚይዝ ይህን በራሱ ይደርስበታል።

ሁለተኛው የውሸት ምንጭ ከሜክፋይሉ ውጭ ነው፤ እርሱም የእኛው ሰዓት ነው። የአንዳንዶቹ ነጋዴዎች ማሽን ባለ 32 ቢት (አሮጌው ዓይነት) ስለሆነ ኮምፓይል የምናደርገው እዚያው ላይ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ከሞተች ቆይታለች፤ ኢንተርኔትም የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ስለሚዛባ ባለቤቱ የእጅ ሰዓቱን እያየ ያስተካክለዋል። ረፋድ አራት ሰዓት ስለሆነ 4:00 ይሞላል። ማሽኑ ግን 10:00 ነበር የሚጠብቀው። መብራቱ ሳይጠፋ በ9:00 የተሠራው ሚዛን.ኦ አሁን ከወደፊቱ የመጣ ፋይል ሆነ። ሚዛን.ሲን በ4:10 ብታርሙት በሜክ ዓይን ከኦብጀክት ፋይሉ ያረጀ ስለሆነ አይነካውም። ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር የሞላ ከሆነ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሆናል።

ጂኤንዩ ሜክ የሚባለው የሜክ ዓይነት በዚህ ጊዜ ዝም አይልም፤ የሰዓት መዛባት መኖሩንና ሥራው ያልተሟላ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ሰው ግን ብርቅ ነው። መፍትሔው ባትሪዋን መለወጥ፣ ሰዓቱን ማስተካከልና ከዚያ ሁሉንም እንደ አዲስ መሥራት ነው። በደንባችን ቡና የማያስከፍለው «ሜክ ክሊን» ይህኛው ብቻ ነው።

ሰው ሜክፋይል ሲያስረክበኝ ሜክን ሁለት ጊዜ በተከታታይ እጠራለሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ ምንም መሥራት የለበትም። ቀጥዬ አንድ ሄደር በ«ተች» ትእዛዝ (ይዘቱን ሳይለውጥ ሰዓቱን ብቻ በሚያድሰው) ነክቼ እንደገና እጠራለሁ። በእኛ ፕሮግራም ጭነት.ኤች ሲነካ ሚዛን.ኦ፣ ዋጋ.ኦ እና ደረሰኝ.ኦ ብቻ ይሠራሉ። አታሚ.ኦም አብሮ ከተሠራ አንድ ሰው የማያስፈልገውን ሄደር ጠርቷል ማለት ነው፤ ማን እንደሆነም እጠይቃለሁ።