ጣሪያው በሐምሌ፣ ምርጊቱ በኅዳር

ክረምት ሲገባ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ዕቅድ ይወጣል፤ ችግኝ ተከላ፣ ደም ልገሳ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የጽዳት ዘመቻ፣ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት። እኔ የያዝኩት እድሳቱን ነው። ሐዋሳ ላይ በቀበሌ ደረጃ ሳስተባብረው የገባኝ ትልቁ ነገር፣ ክረምት ለበጎ ፈቃደኛው እንጂ ለጭቃ ቤት አለመመቸቱ ነው። ተማሪው እጁ የሚፈታው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ነው። ቤቱም ለአዲስ ዓመት ታድሶ ርክክብ እንዲደረግ ይፈለጋል። በዚህ ጊዜ የተመረገ ግድግዳ ግን ውስጡ ሳይደርቅ ኖራ ይቀባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጥቅምት ላይ ቅርፊቱ መላቀቅ ይጀምራል። ሐዋሳ መስከረም ስለጠባ ብቻ ዝናቡ አይቆምላትም፤ በበልግ የጀመረው እስከ ጥቅምት የሚዘልቅበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ አንዱን እድሳት ለሁለት ከፈልኩት። ጣሪያ፣ ቋሚና የውሃ መውረጃ ቦይ በሐምሌና በነሐሴ፤ ምርጊትና ኖራ ከኅዳር አጋማሽ በኋላ በቅዳሜና እሁድ፣ በበጋ በጎ ፈቃድ ስም። ርክክቡም ሁለት ይሆናል። ይህን ለቀበሌውና ለረጂዎቹ ገና በግንቦት መናገር ያስፈልጋል፤ ነሐሴ ላይ ከተነገራቸው ሥራው የተጓተተ ነው የሚመስላቸው። ገንዘቡንም ያኔውኑ መለየት ነው። የምርጊቱ ወጪ ተለይቶ ካልተቀመጠ በክረምቱ ያልቃል፣ ኅዳር ላይ ጭድ መግዣ አይኖርም።

ማን ይታደስለት የሚለውን ለአንድ ሰው ብቻ አልተውም። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የትኛው ቤት ውስጥ ሰው በዝናብ ቆሞ እንደሚያድር ያውቃሉ፤ የእድር ዳኞች ደግሞ ማን ጧሪ እንደሌለው ያውቃሉ። ሁለቱ የሰጡኝን ስም አስተያይቼ በሁለቱም ላይ የተገኘውን አስቀድማለሁ። ቀጥሎ የቤቱ ባለቤትነት ይጣራል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። የግል ከሆነ ማስረጃው ይታያል፤ ወራሾች ካሉ ሁሉም እንዲፈርሙ ይደረጋል። ከባዱ የኪራይ ቤት ነው፤ ቤቱ ካማረ በኋላ አከራዩ ኪራይ ይጨምራል ወይም ተከራዩን ያስወጣል። አከራዩ ለተወሰነ ዓመት ላያስወጣ በጽሑፍ ካልተስማማ ያን ቤት አልነካም። ልብ ይሰብራል፤ ነገር ግን በሕዝብ ቆርቆሮ አሮጊት ከማስፈናቀል ይሻላል።

ቤቱን ለማየት ስሄድ ጣሪያ ላይ ከመውጣቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ «እማማ፣ ዝናብ ሲመጣ ሳፋውን የት የት ነው የሚያስቀምጡት?» መልሱ የሚያፈሰውን ቦታ አንድ በአንድ ያሳያል፤ ቆርቆሮውን በዓይን ከማየት ይበልጣል። ከዚያ ካቻቢቴ ይዤ የቋሚዎቹን እግር ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ እወጋለሁ። እንጨት የሚበሰብሰው መሬት ውስጥ ጠልቆ ከገባው ጫፉ ይልቅ አየርና እርጥበት በሚፈራረቁበት በዚህች አንገቱ ላይ ነው። ካቻቢቴው ሁለት ጣት ያህል ያለችግር ከገባ ቋሚው አልቆለታል ማለት ነው። ሞልቶ የሚመስል እንጨት ሲወጋ እንደ ዳቦ የሚሆነው ምስጥ ውስጡን ሲበላው ነው። 4 በ5 ሜትር በሆነ ቤት ዙሪያውን 30 ያህል ቋሚ ይኖራል፤ ከእነዚህ 8 ወይም 10 መቀየር የተለመደ ነው።

የቆርቆሮውን ልክ እንዲህ አወጣለሁ። ያው ባለ 4 በ5 ሜትር ቤት፣ ውሃውን ወደ አንድ ወገን የሚያፈስ ጣሪያ ያለው ነው እንበል። በርዝመቱ በኩል ግራና ቀኝ 50 ሳንቲ ሜትር ስንጨምር 6 ሜትር ይሆናል። አንዱ ቆርቆሮ ከጎኑ ሲደራረብ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን 9 ቆርቆሮ ጎን ለጎን ይሰለፋል። ወደ ታች ባለ 2 ሜትሩ ሦስት ረድፍ፣ በየመጋጠሚያው 20 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ 5 ሜትር ከ60 ይሰጣል። ግድግዳ ከግድግዳ ያለው ቁልቁለት 4 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትርፉን ቆርጦ መጣል ግን ስህተት ነው። 50 ሳንቲ ሜትሩን ከፍ ባለው ወገን፣ 1 ሜትር ያህሉን ውሃው በሚወርድበት ወገን አስወጣዋለሁ። የጭቃ ግድግዳን እንደዚህ ክፈፍ የሚጠብቀው ነገር የለም። ስለዚህ 27 ቆርቆሮ፤ ከአንድ መጠባበቂያ ጋር 28።

ሞራሌው፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት፣ በየ80 ሳንቲ ሜትሩ ገደማ 8 መስመር ይሄዳል፤ በ6 ሜትር ሲባዛ 48 ሜትር፣ ማለትም ባለ 4 ሜትር 12 ሞራሌ። መጋጠሚያው የግድ ሞራሌ ላይ ማረፍ አለበት። በአየር ላይ ከቀረ ነፋስ ከንፈሩን ያነሳዋል። ምስማሩ ለአንድ ቆርቆሮ 8 ተብሎ ሲታሰብ 216 ነው፤ 250 እገዛለሁ። የጌጁ፣ ማለትም የውፍረት መለኪያው፣ ቁጥር ሲተልቅ ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ለገዢው አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው። ባለ 32 ጌጅ ርካሽ ነው፣ ግን ሠራተኛ ሲቆምበት ይሰረጎዳል። ያለን ገንዘብ ከፈቀደ 30 ወይም 28 እጠይቃለሁ። ነጋዴ በዓይነት ሲረዳ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ 32ቱን ስለሆነ፣ ለዕርዳታ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ጌጁን በቁጥር አስጽፋለሁ።

ሰው ሲበዛ ሥራ አይፈጥንም። 40 ወጣት አንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ሲገባ 10 ይሠራል፣ 30 ቆሞ ያያል፤ የቆመው በማግስቱ አይመጣም። ለአንድ ቤት አንድ አናጢ፣ መዶሻ የለመዱ ሁለት፣ ከዚያ 10 ወጣት በቂ ነው። አናጢው የቀን ሥራውን ትቶ ስለሚመጣ አበል ሊታሰብለት ይገባል፤ በጎ ፈቃድ ነው ተብሎ ሦስተኛው ቀን ላይ ሲቀር ቤቱ ሳይከደን ይቀራል። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ ሠልጣኞች ከተገኙ ሥራው በጣም ይቀላል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ጣሪያ ላይ አይወጣም። የወለቀ ምስማር ወዲያው ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ በነጠላ ጫማ የሚመጡ ልጆች አሉና የዛገ ምስማር ወጋ ማለት ጤና ጣቢያ ሄዶ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መወጋት ማለት ነው። ከሁሉም በፊት መብራቱ ከቆጣሪው ይቋረጣል። አሮጌ ቤት ላይ የተላጠ ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ቤተሰቡ ያን ሰሞን የት ያድራል? የመጀመሪያው ሐሳብ የእድሩ ድንኳን ነው፤ እድርተኛውም አይነፍግም። ነገር ግን ለቅሶ ከመጣ ድንኳኑ በዚያው ሰዓት ይፈለጋል፣ ሰዎቹም ዕቃቸውን ይዘው ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ድንኳኑን ለዕቃ ብቻ አውለዋለሁ፤ በተጨማሪም መጠባበቂያ ሸራ አዘጋጃለሁ። ቤተሰቡ እዚያው ቤቱ ውስጥ ያድራል፤ ለዚህም ጣሪያውን በአንድ ጊዜ አላስነሳም። ጠዋት ግማሹ ይነሳል፣ ማታ ከመድረሱ በፊት ያው ግማሽ ተከድኖ ያድራል። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንደሚመጣ ቆጥሮ፣ ማንሳቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ 3 ሰዓት ማለቅ አለበት።

ቋሚ ሲቀየር ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ በአንድ ቀን አይነቀሉም። በድጋፍ እንጨት ተይዞ አንዱ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ከዚያ ቀጣዩ። አዲሱ ቋሚ 60 ሳንቲ ሜትር ይቀበራል፤ የሚቀበረውና ከመሬት በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ከጋራዥ በመጣ የተቃጠለ ዘይት ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ወደ እንጨቱ ከሰረገ በኋላ። ጉድጓዱ በድንጋይ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። አሸዋማ አፈር ብቻውን ቋሚ አይዝም።

ቆርቆሮ ከታችኛው ረድፍ ወደ ላይ ይመታል። እዚህ ላይ ሁሉም አዲስ ልጅ የሚሳሳታት ስህተት አለች፤ ምስማሩን ጎድጓዳው ላይ ይመታዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጎድጓዳው ላይ ቆርቆሮው እንጨቱን ስለነካ መዶሻው አይነጥርም፤ ጉብታው ላይ ግን ከሥሩ ባዶ ስለሆነ ይሰረጎዳል። ነገር ግን ውሃው የሚሄደው በጎድጓዳው ነው፤ እዚያ የተበሳች ቀዳዳ ሁሉ ታፈሳለች። ስለዚህ ጉብታው ላይ፣ በቀስታ። የምስማሩ ጎሚኒ፣ ከራሱ ሥር ያለው ጎማ፣ ቆርቆሮውን ነክቶ ትንሽ እንደተጨፈለቀ ይቆማል። አንድ ምት ሲጨመር ጎሚኒው ይሰነጠቃል፣ ጉብታው ይተኛል፣ ውሃ ይጠራቀማል። የመጀመሪያዎቹን 10 ምስማሮች እያንዳንዱ ልጅ በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ እንዲለማመድ አደርጋለሁ። ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ በኋላ ግን ሁለት ቀን ያተርፋል። የ1 ሜትሩ ክፈፍ ነፋስ ስለሚይዝ ወራጆቹ፣ ማለትም ሞራሌውን የተሸከሙት እንጨቶች፣ ከቋሚዎቹ ጋር በጥቁር ሽቦ ድርብ ይታሰራሉ፤ በምስማር ብቻ ከተተዉ አውሎ ነፋስ ጣሪያውን ይዞት ይሄዳል።

ነሐሴ ሲያልቅ ቤቱ አያፈስም፣ ቆሟል፣ ዙሪያውን 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ አለው። ቦዩ ውሃ ከጣሪያው በሚያርፍበት መስመር ላይ ነው የሚቆፈረው፤ በየሜትሩ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ መንገዱ ቦይ ይሄዳል። ወደ ጎረቤት ግቢ ከተለቀቀ ጠብ ተለቀቀ ማለት ነው። የፈረሰው የግድግዳ ክፍል በአሮጌ ቆርቆሮና በሸራ ለጊዜው ይሸፈናል። አያምርም፤ ግን ይደርቃል። የመጀመሪያው ርክክብ በዚህ መልኩ ነው የሚደረገው፣ ለቤቱ እመቤትም ምርጊቱ ኅዳር ላይ እንደሚመጣ በግልጽ ይነገራቸዋል።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ወደ አፈሩ እንመለሳለን። የሐዋሳ አፈር በብዙ ሰፈር አሸዋማ ነው፣ ቀላል ድንጋይም ይበዛበታል፤ ከግቢው ቆፍሮ መምረግ ትርፉ መርገፍ ነው። የሚይዝ አፈር በጋሪ ይመጣል። ከማውረዳችን በፊት እፍኝ አርጥቤ እንደ ብርቱካን አድቦልብዬ ከደረት ከፍታ መሬት ላይ እለቀዋለሁ። ፍርክስክስ ካለ አሸዋው በዝቷል፤ ሳይሰነጠቅ እንደ ቂጣ ከተለጠጠ ጭቃው ረጥቧል ወይም መጣበቁ በዝቷል። ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ተሰንጥቆ ቅርጹን ከያዘ ይሄ ነው የሚፈለገው። ከዚያ በግድግዳው ላይ 30 በ30 የምትሆን ናሙና ተመርጋ አራት ቀን ትቆያለች። ስንጥቋ ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ ጭድ ይጨመራል።

ከግድግዳው ቶሎ የሚጎዳው የታችኛው 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዝናብ መሬት ላይ ነጥሮ የሚመታው እሱን ነው። ዙሪያው 18 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 2 ሜትር ኩብ ከትንሽ ጭቃ ይፈልጋል። ለአንድ ሜትር ኩብ ከ20 እስከ 30 ኪሎ የጤፍ ጭድ፣ ለሁሉም ወደ 30 ጀሪካን ውሃ። ውሃ ሊጠፋ ስለሚችል በርሜሉ ዋዜማውን ይሞላል።

የቅዳሜው ሥራ ከጭቃው ጠባይ ጋር መገጣጠሙን ያየሁት እዚህ ነው። አንዱ ቅዳሜ አፈሩና ጭዱ ተዘፍዝፎ በእግር ይረገጣል፣ ይሸፈናል። በሳምንቱ ሲገለጥ ጭዱ ለስልሶ ሽታው ተለውጧል፤ እንደገና ተረግጦ ሲመረግ እጅ ላይ እንደ ሊጥ ነው። በክረምቱ ዘመቻ ጠዋት ተቦክቶ ከሰዓት የሚመረገው ጭቃ ይህን ዕድል አያገኝም። ኅዳር 15 የተዘፈዘፈ ኅዳር 22 ይመረጋል፣ ሦስት ሳምንት ይደርቃል፣ ታኅሣሥ 13 ገደማ ስንጥቁ በሁለተኛው ቀጭን ምርጊት ይሞላል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ለገና ኖራው ይደርሳል። ኖራው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ በጨርቅ ተጠልሎ፣ እፍኝ ጨው ገብቶበት፣ ግድግዳው በውሃ ረጠብ ተደርጎ ስስ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይቀባል። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ ንጹሕ ውሃ በአጠገብ ይቀመጥ።

በኅዳር የሚመጡት ልጆች ከክረምቱ ያነሱ ናቸው፤ ስድስት ወይም ሰባት። ይበቃሉ። ክረምት ላይ 20 ስም መዝግቤ ከመካከላቸው ከቤቱ አቅራቢያ የሚኖሩትን ለበጋው አስቀድሜ አነጋግራለሁ፤ በእግር አሥር ደቂቃ የሚርቅ ይመጣል፣ ባጃጅ የሚፈልግ ይቀራል።

የንብረቱን ነገር ቸል ያለ አስተባባሪ ጥሩ ሥራው ሁሉ በሐሜት ይበላሻል። ጥሬ ገንዘብ በእጄ አይገባም። የመጣ ዕቃ ሁሉ በንብረት መቀበያ ቅጹ፣ በሞዴል 19፣ ገቢ ይሆናል፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ በወጪ ቅጹ፣ በሞዴል 22፣ ወጪ ይደረጋል። የተነሳው አሮጌ ቆርቆሮም ይቆጠራል፤ ቀዳዳ ስላለው ለጣሪያ ባይሆንም ለሽንት ቤት ግድግዳ ይሆናል፣ የቤቱ ባለቤትም ንብረት ነው። 28ኛው ቆርቆሮና የተረፉት 34 ምስማሮች ወደ መጋዘን አይመለሱም፤ በእማማ ስም ወጪ ተደርገው ከአልጋቸው ሥር ይቀመጣሉ።