ሬጅስትሪው ላይ ያየሁት ስም

ሥራዬ የማታ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገብቼ ከምሽቱ 5 ሰዓት እወጣለሁ፣ በእኛ አቆጣጠር። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፤ የሱን ሰዓት እሱም አያውቀው። ስለዚህ የስድስት ዓመቷን ልጃችንን ከትምህርት ቤት ተቀብሎ እስክንመጣ የሚይዝልን ሰው አስፈለገን። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ሐበሻ ቤቢሲተር ለማግኘት ማስታወቂያ አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሁለት ሰው ከጠየቁ ሦስተኛው ስልክ ይሰጣል።

እትዬ አልማዝን ያገኘኋቸው እንደዚያ ነው። ስልሳዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው። ቤታቸው ሁለት ልጆች ይይዛሉ፤ የኛዋ ሦስተኛ ልትሆን ነው። ቤቱ ንጹሕ፣ ልጆቹ ጠግበው ምንጣፉ ላይ ይጫወታሉ፣ ምድጃው ላይ ምስር ይንተከተካል። ደስ አለኝ። ልወጣ ስል አንድ ወጣት ዓይኑን እያሻሸ ከመኝታ ክፍል ወጣና ሰላም አለኝ። ልጃቸው ነው። በ2016 (እንደ ፈረንጆቹ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) አብረው የመጡ ናቸው። ማታ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል።

ማለትም ልጄ እዚያ ቤት በምትሆንባቸው ሰዓታት እሱም ቤት ነው። ከነከነኝ። ምንም አላደረገም። ወንድ ስለሆነ ብቻ ነው፤ አልዋሽም።

ለሥራ ባልደረባዬ ሳወራት “ሬጅስትሪውን አይተሻል?” አለችኝ። በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች የሚወጡበትን፣ ማንም ሰው በኢንተርኔት ሊያየው የሚችለውን መዝገብ ማለቷ ነው። ስለሱ ሰምቼ አውቃለሁ፣ ከፍቼው ግን አላውቅም። የዚያን ዕለት ሌሊት ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስልኬን ከፈትኩ።

መጀመሪያ የከፈትኩት የፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር የሚያስተዳድረውን ብሔራዊ ድረ ገጽ ነው። በ2005 ነው የተጀመረው። በኋላ ድሩ ሾዲን በተባለች የሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስም ተሰየመ፤ በ2003 የገደላት ሰው ቀድሞ የተመዘገበ ወንጀለኛ ነበር። ገጹ ነፃ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም። ሲገቡ የአጠቃቀም ደንብ ያሳያል፤ መረጃውን ሰው ለማስፈራራት ወይም ለማዋከብ መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል የሚል ነገር። እኔ ሳላነብ “እስማማለሁ” የሚለውን ነካሁ። ሁላችንም እንደምናደርገው።

ፍለጋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአድራሻ ነው። የቤትዎን፣ የትምህርት ቤቱን ወይም የዴይኬሩን አድራሻ ያስገባሉ፤ እስከ 3 ማይል ዙሪያ ያሉትን ያወጣል። የኛን አፓርትመንት አስገባሁ። ካርታው በነጥብ ተሞላ። ክው አልኩ። እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት ኖሬያለሁ!

አሁን ሳስበው ያ ድንጋጤ ግማሹ ካለማወቅ የመጣ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት በአፓርትመንት ነው። ከኛ ቤት 3 ማይል ማለት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዘልቆ መግባት ነው፤ ስንት አሥር ሺህ ሕዝብ እንዳለበት አስቡት። ደግሞ ተመዝጋቢዎች የመኖሪያ ብቻ ሳይሆን የሥራና የትምህርት ቤት አድራሻም እንዲያስመዘግቡ ይገደዳሉ። ስለዚህ አንድ ነጥብ ሰው የሚኖርበት ሳይሆን ሳህን የሚያጥብበት ምግብ ቤት ሊሆን ይችላል።

ነጥቦቹም እኩል አይደሉም። ሜሪላንድ ተመዝጋቢዎችን በሦስት ደረጃ ይከፍላቸዋል። አንደኛው ደረጃ 15 ዓመት፣ ሁለተኛው 25 ዓመት፣ ሦስተኛው ዕድሜ ልክ መዝገቡ ላይ ይቆያል። መንገዱን ተሻግራችሁ ዲሲ ከገባችሁ ግን አከፋፈሉ ሌላ ነው፤ እዚያ “ክፍል ኤ” ዕድሜ ልክ፣ “ክፍል ቢ” 10 ዓመት ነው። ኒው ዮርክ ደግሞ ዝቅተኛውን ደረጃ ድረ ገጹ ላይ ጨርሶ አያወጣም፤ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። እኔ ብሔራዊ የሚባል አንድ ትልቅ መዝገብ ያለ መስሎኝ ነበር። የለም። ያ ገጽ የራሱ መዝገብ የለውም፤ በአንድ ጊዜ የየስቴቱን፣ የየግዛቱንና የቀደምት አሜሪካውያን ነገዶችን መዝገብ ጠይቆ የመለሱለትን ያሳያል እንጂ። የአንዱ ስቴት ሲስተም ያን ሰዓት ከተቋረጠ የሱ መልስ ይጎድላል።

ሁለተኛው መንገድ በስም ነው። የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው።

የእትዬ አልማዝ ልጅ ስሙ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። የአባቱም ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ይህ ለኛ ተራ ነገር ነው። እዚህ ግን የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲጻፍ፣ ከነጭም ከጥቁርም አሜሪካዊ ጋር ሞክሼ ያደርጋል። አስገባሁት። አንድ ውጤት መጣ። ከሜሪላንድ ሩቅ በሆነ ስቴት፣ ዕድሜው 36። የኛው ልጅ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። የዝርዝሩ ገጽ ላይ ፎቶ የለም።

እጄ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ሌሊት ለጓደኛዬ ደወልኩላት። “ለማንም እንዳትነግሪ” አልኳት። እንዲህ የተባለ ወሬ የት እንደሚደርስ የምታውቁት ነው። እሷ እዚያ ቤት ልጇን ለምታስይዝ እህቷ ነገረቻት፤ ልጇ ስለሆነ መንገር አለብኝ ብላ ነው፣ አልፈርድባትም። በሁለት ቀን ውስጥ እነ እህቷ ልጃቸውን ከእትዬ አልማዝ ቤት አወጡት። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ ነበር።

ነገሩን ያየው ባለቤቴ ነው። ሰኞ ጠዋት ቡና እየጠጣ “እስቲ አሳዪኝ” አለ። ስሙ ላይ ነካ። እኔ ያንን አላደረግኩም ነበር። ስሙ ላይ ሲነኩ ብሔራዊው ገጽ ወደ ስቴቱ የራሱ መዝገብ ይወስዳል፤ ዝርዝሩ ያለው እዚያ ነው። ፎቶ አለ። ቁመት፣ የዓይን ቀለም፣ ዘር፣ የተፈረደበት ወንጀልና ዓመቱ አለ። ሰውየው ነጭ ነው። ቁመቱ ከባለቤቴ በአንድ ክንድ ይበልጣል። የተፈረደበት በ2011 ነው፤ ያኔ የእትዬ አልማዝ ልጅ አዲስ አበባ ነበር።

ባለቤቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዝም አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። መዝገቦቹ የተፈጠሩት በልጆች ሞት ነው። ካሊፎርኒያ ከ1947 ጀምሮ ብትመዘግብም ለፖሊስ እንጂ ለሕዝብ አልነበረም። በ1989 ሚኒሶታ ውስጥ ጄኮብ ዌተርሊንግ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ብስክሌት እየነዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ ተጠለፈ። በ1994 በስሙ የወጣው የፌዴራል ሕግ ስቴቶች ሁሉ መዝገብ እንዲኖራቸው አዘዘ። በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ ውስጥ ሜጋን ካንካ የተባለች የ7 ዓመት ልጅ ተገደለች። የገደላት ጎረቤት ቀድሞም በሕፃናት ላይ ወንጀል ፈጽሞ የተፈረደበት ነበር፤ ወላጆቿ አላወቁም። በ1996 የሜጋን ሕግ መረጃው ለሕዝብ እንዲደርስ አስገደደ። በ2006 የአዳም ዎልሽ ሕግ ሦስቱን ደረጃዎች አመጣ። ታሪካቸውን ሳነብ አለቀስኩ። የሜጋን እናት ብሆን ያንን ሕግ እኔም እጠይቅ ነበር።

ግን ሌላም ነገር አነበብኩ። በ2006 ሜይን ስቴት ውስጥ አንድ ወጣት ከኦንላይን መዝገቡ አድራሻ ፈልጎ ሁለት ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ገደለ። አንደኛው ሟች መዝገቡ ላይ የገባው ገና ወጣት ሳለ፣ 16 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ከቀራት የሴት ጓደኛው ጋር በመተኛቱ ነበር። የጄኮብ እናት ፓቲ ዌተርሊንግ ራሷ መዝገቡ ከታሰበው በላይ መስፋቱን በአደባባይ ተችታለች። ልጇን ያጣች ሴት እንዲህ ስትል ቆም ብሎ መስማት ያስፈልጋል።

ሎንዶን ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት ገረማት። እንግሊዝ ውስጥ ካርታ የለም። በተገደለችው ሕፃን በሣራ ፔይን ስም የሚጠራው አሠራር ከ2011 ጀምሮ በመላው እንግሊዝና ዌልስ ይሠራል፤ ወላጅ ስለ አንድ ሰው ፖሊስን ይጠይቃል፣ ፖሊስ ያጣራል፣ አደጋ ካለ ብቻ ለሚመለከተው ይነግራል። የተነገረው ሰውም ምስጢር መጠበቅ አለበት። “እኔ ብሆን ለማን አወራ ነበር?” አለችኝ። አልመለስኩላትም።

ካነበብኩት ሁሉ ግን እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ቁጥር ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ቢሮ በ2000 ባወጣው ጥናት፣ ለፖሊስ ከተነገሩት በልጆች ላይ የተፈጸሙ የወሲብ ጥቃቶች ውስጥ ልጆቹን የጎዳቸው የማያውቁት ሰው የሆነው 7 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። 34 ከመቶው ቤተሰብ ነው። 59 ከመቶው የሚያውቁት ሰው ነው። እዚያ ካርታ ላይ ነጥብ የሚሆነው ደግሞ ተከሶ የተፈረደበት ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ስንቱ ነገር ነው “ገመናችን አይውጣ” ተብሎ በሽማግሌ የታሸገው? ሰውየው ንስሐ ገባ ይባላል፣ ልጅቷ ትረሳዋለች ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው ማንም ስሙን ቢፈልግ ባዶ ነው የሚመጣው።

እና ምን አደረግን? መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ሜሪላንድ ውስጥ ቤታቸው ልጅ ለመያዝ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች አሉ። ፈቃዱ እንዲሰጥ እዚያ ቤት የሚኖር 18 ዓመት የሞላው ሁሉ የወንጀል ምርመራ ይደረግበታል። የፈቃዱን ሁኔታ ማየት ይቻላል። እኔ ስም እየጻፍኩ ሌሊቱን ከማነጋ “ፈቃድ አለዎት ወይ?” ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እትዬ አልማዝ አልነበራቸውም፤ እንደ ብዙዎቹ። ያ ራሱን የቻለ ምክንያት ነበር፣ የማንንም ስም ሳያነሱ በትሕትና “ይቅርታ፣ አልቻልንም” ለማለት የሚበቃ።

መዝገቡን አሁንም አያለሁ። የስቴቱን የኢሜይል ማሳሰቢያም ተመዝግቤያለሁ፤ በሰፈሩ አዲስ ሰው ሲመዘገብ ይመጣል። ግን ሁልጊዜ እስከ ስቴቱ ገጽ እሄዳለሁ። ፎቶውን፣ የተፈረደበትን ዓመት፣ መረጃው የታደሰበትን ቀን አያለሁ። የማያረካኝ ነገር ካለ ለካውንቲው ፖሊስ እንጂ ለጓደኛ አልደውልም።

ከልጄ ጋር ደግሞ ማውራት ጀመርን። ይሄ ከሁሉ ከበደኝ። በአማርኛ የሰውነት ክፍሎችን ስም ለልጅ መናገር እንዴት እንደሚያሳፍር የሞከረ ያውቀዋል። እኔን እናቴ “እንትንሽ” እያለች ነው ያሳደገችኝ። አንድ ቀን ገላዋን ሳጥባት ስሙን ጠርቼ ነገርኳት። ማንም፣ አጎትም ቢሆን፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪም ቢሆን፣ “ለእማዬ እንዳትነግሪ” የሚል ጨዋታ ካመጣ መጥተሽ ንገሪኝ አልኳት። “አንቺስ ምስጢር የለሽም?” አለችኝ። ሳሙናው ከእጄ አመለጠ።

እትዬ አልማዝ ቤት የሄድኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ቡና ይዤ ሄድኩ። በሩን ከፈቱልኝ፣ ግቢ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን አሳየኋቸው፣ ነጩን ሰውዬ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት።

“ልጄ” አሉኝ፣ “እኔኑ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?”

ልጁን ያወጡትን ቤተሰብ ራሴ ደውዬ ነገርኳቸው። ቤተ ክርስቲያንም ወሬውን ከሰሙት ውስጥ የማውቃቸውን አንድ በአንድ እየጠራሁ ነገርኩ። አንዳንዱ “እኔ ድሮም አላመንኩም” አለኝ። አንዷ ደግሞ “እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም” አለችኝ። ጭሱ እኔ ነኝ ብላት አልገባትም።

ልጃችንን አሁን ፈቃድ ያላት ሴት ትይዝልናለች። እትዬ አልማዝ ዘንድ ለበዓል እንሄዳለን፤ እሳቸው ይስሙኛል፣ ያጎርሱኛል። ልጃቸው ግን የእኔን ድምፅ ሲሰማ ከክፍሉ አይወጣም። ባለፈው ፋሲካ ልጄ በሩን አንኳክታ ዳቦ ልትሰጠው ሄደች። በሩን በጠባቡ ከፈተና እጁን ብቻ አውጥቶ ተቀበላት።