ከጫጫ ወጣ ብሎ፦ ልጆቼን ፈረስ ያስተማርኩበት የገና ሰሞን

ልጆቼ ፈረስን የሚያውቁት በመኪና መስኮት ነበር። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን አልፈን ወደ እናቴ አገር ስንሄድ ሜዳው ላይ ሲግጥ ያዩታል። "ፈረስ! ፈረስ!" ብለው ይጮሃሉ፤ ወዲያው ወደ ስልኩ ይመለሳሉ። እኔ በእነሱ ዕድሜ እህል ወፍጮ ቤት የማደርሰው በፈረስ ነበር። ያለ ኮርቻ፣ ጋማ ይዤ። ልጆቼ ይህን ሳያውቁት ማደጋቸው ሁሌም ይቆጨኝ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ለገና ትምህርት ቤታቸው ሲዘጋ እኔም ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩና ሄድን። ትልቋ 8 ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ 5 ዓመት ተኩል። የእናቴ ቤት ከጫጫ ወጣ ብሎ አንጎለላና ጠራ ወረዳ ውስጥ ነው። ያሰብኩት ገናን ውለን፣ ከማግሥቱ ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ ሁለቱም ብቻቸውን ተቀምጠው ሜዳውን እንዲዞሩ ነው። የየቀኑን ሥራ ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር የሄድኩት። ወረቀቱ ሁለተኛውን ቀን አላለፈም።

መጀመሪያ ያስተማረን ብርዱ ነው። አገሩ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። እኔ በ1 ሰዓት ልጀምር ብዬ ልጆቹን ቀሰቀስኩ። አጎቴ ባናቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመዋል። አዩንና "ልጆቹም አልሞቁ፣ ፈረሱም አልሞቀ። ግቡ!" አሉ። ገባን። እስከ 3 ሰዓት እሳት ዳር የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሳል። ነፋስ ሲበዛ ፈረስ ይበረግጋል፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ የእኛ ሰዓት ከ3 እስከ 6 ብቻ ሆነ። ለሕፃን ይበቃል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ ማቆየት እንደማይቻልም ቶሎ ገባኝ። ከፍታው ራሱ ያደክማቸዋል፤ የመጀመሪያውን ቀን ሁለቱም ምሳ እንደበሉ ማንም ሳይነግራቸው ተኙ። ፀሐዩም ብርድ ስለሆነ አይታወቅም እንጂ ያቃጥላል። ከንፈራቸው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው ቫዝሊን ያስታወስኩት።

አጎቴ ሦስት ከብት አላቸው። ዳማ የሚሏት ያረጀች ባዝራ፣ ውርንጭላዋና ቦራ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ወጣት ፈረስ ነው። የአጎቴ ልጅ ለጥምቀት ጉግስ የሚያወጣው እሱን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ማንም ፈረስ ላይ አልወጣም። ይህ የአጎቴ ትእዛዝ ነው። ልጆቹን ዳማ አጠገብ አቆሟቸውና ጆሮዋን እንዲያዩ ነገሯቸው። ጆሮዋ ወደ ፊት ከሆነ የሆነ ነገር ልብ ብላለች ማለት ነው። ወደ ኋላ ተለጥፎ ከተኛ ተቆጥታለች፤ ራቁ። ፈረስ ዓይኑ በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን ያያል፤ ከጅራቱ ኋላና ከግንባሩ ፊት ለፊት ጥግ ያለውን ግን አያይም። ስለዚህ ከኋላ መሄድ የለም። በትከሻዋ በኩል፣ እያወሩ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ገብስ ሰጧቸው። መዳፍ ተዘርግቶ፣ ጣት ተገጥሞ። ትንሹ ጣቱን ሲያጥፍ አጎቴ እጁን ያዙና "እሷ ጣትህን ከገብሱ አትለይም፤ እንደ ሰሃን ዘርጋው" አሉት። ዘረጋው። ዳማ በከንፈሯ ጠርጋ ወሰደችለት። ልጁ መዳፉን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ነበር። "ለስላሳ ናት" አለ።

እኔ ግን ቀኑ የባከነ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ አጎቴ ለቅሶ ሄዱ። ጥፋቴን የሠራሁት ያን ቀን ነው። ዳማ ለግጦሽ ወጥታለች፤ ቤት ያለው ቦራ ነው። ኮርቻ ጫንኩበትና ትንሹን አወጣሁት። ኮርቻው የአዋቂ ነው፤ የልጁ እግር እርካቡ ጋ አይደርስም። እንዲመቸው ብዬ እግሩን እርካቡ በተንጠለጠለበት ጠፍር መሃል ሰካሁት። ልጓሙን ይዤ እየሳብኩ ሁለት ዙር ሄድን። እየሳቀ ነበር።

በሦስተኛው ዙር ከካቡ ኋላ የጎረቤት ውሻ ዘሎ ወጣ። ቦራ ወደ ጎን ተፈናጠረ። ልጁ በአንድ ወገን ተንሸራተተ፤ እግሩ ግን ጠፍሩ ውስጥ ነው። ለአንድ አፍታ በእግሩ ተንጠለጠለ። እኔ ልጓሙን አለቀቅሁም፣ ቦራም ቆመ። ልጁ ከእግሬ ሥር ወደቀ። ቀና ስል ጫማው ብቻ ጠፍሩ ላይ ተሰክቶ ይወዛወዛል። ማሰሪያ የሌለው ሰፋ ያለ ጫማ ነበር። ያወጣው እሱ ነው። ጠበቅ ያለ ጫማ አድርጎ ቢሆን፣ ቦራም ባይቆም ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ሌሊት ሌሊት ትዝ ይለኛል።

ክርኑ ተላጠ፤ ሌላ አልሆነም። ራሱ ላይ ከአዲስ አበባ የወሰድኩት የብስክሌት ሄልሜት ነበር። ለፈረስ የተሠራ አይደለም፤ ከኋላ በኩል የሚሸፍነው ያንሳል። ቢሆንም ያለ እሱ አላስወጣሁም ነበር፣ አሁንም አላስወጣም።

ማታ አጎቴ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ኮርቻውን አወረዱ፣ እርካቦቹን ከነጠፍራቸው ፈቱና ግድግዳው ላይ ሰቀሏቸው። "ድሮ እርካብ አውራ ጣት ብቻ ነበር የሚያስገባው" አሉ። "ሰው ቢወድቅ እግሩ አብሮት ይመጣል። ለልጅ እርካብ አያስፈልገውም። ቦራም ለልጅ አይሆንም።" ከዚያ የበግ አጎዛ አመጡ። "በዚህ ነው የሚማሩት፤ አንቺም በዚህ ነው የተማርሽው።" ረስቼው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳማ ጀርባ ላይ አጎዛ በመቀነት ይታሰራል፣ ልጅ እላዩ ላይ ይቀመጣል፤ አለቀ። አጎዛ ላይ ሲቀመጡ የፈረሷ ጀርባ ሲንቀሳቀስ በቀጥታ ይሰማቸዋል። እግራቸው የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሚዛናቸውን በወገባቸው ይጠብቃሉ። ቢንሸራተቱም እግራቸው ተይዞ አይንጠለጠሉም።

ትልቋ በዚህ መንገድ ቶሎ ገባት። አጎቴ በረጅም ገመድ ዳማን በዙሪያቸው ያዞሯታል፤ እኔ ከጎን እሄዳለሁ። ከሁሉ በፊት የተማረችው መሄድን ሳይሆን ማቆምን ነው። ዛቡን (የልጓሙን መሳቢያ) ሳብ፣ "ቁም"፣ ወዲያው ላላ። ፈረስ የሚማረው ሲላላለት ነው፤ ቆሞም እየተሳበ ከቀጠለ ለምን ይቆማል? ይህን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ደጋገመችው። ከዚያ በኋላ ነው "ቼ" ማለት የተፈቀደላት። ማቆም እንደምትችል ስላወቀች መሄዱን አልፈራችውም።

እኔ "ወገብሽን አቅኚ፣ ትከሻሽን አላልይ፣ ተረከዝሽን ዝቅ" እያልኩ ሳዋክባት ትጨናነቃለች። እናቴ አጥር ሥር ጥጥ እየፈተለች "ውሃ የሞላ እንስራ እንዳዘልሽ ሁኚ በያት" አለችኝ። አልኳት፤ ጀርባዋ ቀጥ አለ። ዛብ አያያዙን ደግሞ "ጫጩት እንደያዝሽ፤ እንዳታመልጥ፣ እንዳትታፈንም" አልናት። ለልጅ ብዙ ቃል አያስፈልግም። አንድ ሥዕል ይበቃዋል።

ትንሹ ግን አሻፈረኝ አለ። ሄልሜቱን እንኳ አልነካም። አባበልኩት፤ ቸኮሌት እሰጥሃለሁ አልኩት፤ እህትህን አታያትም አልኩት። ይህ ሁሉ ስህተት ነበር። ከእህቱ ጋር ሳወዳድረው ፊቱን አዙሮ ሄደ። እናቴ ለብቻዬ ጠርታ "ተይው። ከፈረስ ጋር ነው እንጂ የተጣላው ካንቺ ጋር አይደለም፤ አሁን ግን ካንቺም ልታጣይው ነው" አለችኝ።

ተውኩት። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ሥራ ሰጡት፤ ዳማን ከውርንጭላዋ ጋር ወንዝ ማውረድ። ሳይቀመጥ፣ በእግሩ። ገመዱን ሲሰጡት አንድ ነገር ብቻ ነገሩት፦ ገመድ በእጅ ላይ አይጠመጠምም። ከደነገጠች ልቀቃት፤ የትም አትሄድም። ይህን ለእኔ ማንም በቃል ነግሮኝ አያውቅም። ልጅ ግን ሲፈራ መጠምጠም ነው የሚቀናው፤ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። አጎቴ አብረውት ወረዱ፣ እኔ ከሩቅ ተከተልኩ። ልጁ መንገዱን ሁሉ ያወራታል። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ጓደኛው፣ ክርኑን ያመመው መሆኑን። ጆሮዋ ወደ እሱ ዞሮ ነበር።

ማታ ማታ እሳት ዳር የፈረስ ስም ወግ ይመጣል። አጎቴ ሲያወሩ አይጠገቡም። ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ ነው፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.። ጠላትም ወዳጅም "አባ ዳኘው" እያለ በፈረሳቸው ስም ይጠራቸዋል። ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ልጄ አፏን ከፍታ ስትሰማ ቆየችና "አባባ፣ ሴት በፈረሷ ምን ትባላለች?" አለች። አጎቴ እሳቱን እያዩ ዝም አሉ። ቆይተው "አንቺ ዳማን ያዢያት፣ እኛ ስም እናወጣልሻለን" አሉ። በማግሥቱ ቤቱ ሁሉ "እማ ዳማ" ሲላት ዋለ። ያን ቀን ነው ያለ ገመድ የሄደችው። ሶምሶማም ሞከረች፤ እየዘለለች ሆዷን አመማት። ጋማውን ይዛ ጥቂት እርምጃ፣ ከዚያ ቁም። ለስድስተኛ ቀን ይበቃል አልን።

ትንሹ የጠየቀው በዚያው ቀን ከወንዝ ሲመለሱ ነው። እኔን አልጠየቀም፤ አጎቴን ነው። "አባባ፣ ዳማ ላይ ልቀመጥ?" አጎዛው ላይ አስቀመጡት፣ እየሳቡ ወሰዱት። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ "ልውረድ" አለ። እኔ ከኋላ "ትንሽ ቆይ፣ ጎበዝ ነህ እኮ" ማለት ስጀምር አጎቴ ወዲያውኑ አወረዱት። ወደ እኔ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ "ልውረድ ሲል ካላወረድሽው፣ ነገ ውጣ ስትይው አይወጣም" አሉኝ። ከሰባቱ ቀን ሁሉ ይዤው የተመለስኩት ይህን ነው። ዋና ሳስተምረውም፣ ብስክሌት ሳስተምረውም በዚሁ ሄጃለሁ። ልጁ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ "አሁንም" አለ።

ከዚያ ወዲህ ያስተካከልኳቸው ነገሮች አሉ። ጫጫ ላይ ቆዳ የሚሠራ ሰው ለልጅ ቁመት የሚሆን አጭር የእርካብ ጠፍር ሠራልን፤ ትልቋ በቀጣዩ ዓመት ነው የጀመረችበት። እግሯ የሚገባው እስከ ጣቶቿ መጨረሻ ድረስ ብቻ ነው፤ ተረከዝ ያለው ጫማ ታደርጋለች፣ አልፎ እንዳይገባ። ውሾቹን ከመጀመራችን በፊት እናሳስራለን። ቦራን ልጆቹ ይመግቡታል እንጂ አይወጡበትም። ወረቀት ላይ የምጽፈው እቅድም ቀርቷል።

በመጨረሻው ቀን መኪናው ተጭኖ፣ እናቴ ድፎ ዳቦውን በጨርቅ እየጠቀለለች ሳለ ትንሹ ጠፋ። ሜዳው ላይ አገኘነው። አጎቴ ዳማ ላይ አስቀምጠውት ገመዱን አላልተው ከጎኗ ይሄዳሉ። ሳያየን "ቁም" አላት። ዛቡን የሳበው መሳቡ በማይታወቅ ሁኔታ ነው። ዳማ ቆመች። ውርንጭላዋ ከኋላ መጥታ ገፋቻት። ልጁ እጁን ወዲያው አላላ፣ እንደተነገረው። ከዚያ ዞሮ አየኝ።

"እማ፣ ሰማችኝ" አለ።