ድራሙ ሲመታ ፎቶ አይታተምም

በ1991 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ዋሽንግተን ውስጥ ማውንት ፕሌዛንት የተባለው ሰፈር ስገባ ያሰብኩት የኪራዩን ርካሽነት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ሰፈሩ ውስጥ በነዋሪዎችና በፖሊስ መካከል ረብሻ ተነስቶ ነበር፤ በዚያው ግንቦት አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ተለውጧል። ስለዚህ ወደ ቤተሰቤ አብዝቼ እደውል ነበር። የስልኩን ነገር እመለስበታለሁ።

አብረውኝ የተከራዩት አንድ የሮክ ባንድ ያቋቋሙ አራት ልጆች ናቸው። ምድር ቤት ይለማመዳሉ፤ እኔም እዚያው ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል በጥቁር ላስቲክ ጋርጄ ፎቶ የማትምባት ጨለማ ክፍል አደረግኋት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያተምኳቸው ፎቶዎች ሁሉ ደበዘዙብኝ። ሌንሱን ጠረጠርኩና ቀየርኩ። ወረቀቱንም ጠረጠርኩ። ኔጋቲቩ ግን በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥርት ያለ ነው። አንድ ምሽት ፎቶ ማጠቢያ ሳህኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቤዝ ጊታሩ በተመታ ቁጥር ሲርገበገብ አየሁ። ለካ የፎቶ ማጉያው፣ የኔጋቲቩን ምስል አስፍቶ ወረቀቱ ላይ የሚያበራው መሣሪያ፣ ከነጠረጴዛው እየጨፈረ ኖሯል! ወረቀቱ 20 ሰከንድ ያህል ብርሃን ሲቀበል ድራመሩ ስንቴ እንደሚመታ አስቡት። ከማጉያው ሥር የጎማ ከመነዳሪ ቆርጬ ደረብኩ፤ ጥቂት ረዳኝ። ሌንሱን ሰፋ አድርጌ ከፍቼ ጊዜውን ማሳጠሩ የበለጠ ረዳኝ። ፍቱን ሆኖ የተገኘው ግን ሰዓት መከፋፈል ነው፦ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት የእነሱ፣ ከዚያ በኋላ የእኔ።

መድረክ ላይ ያነሳኋቸው ብዙ ናቸው። 930 ኤፍ ጎዳና ላይ በነበረው በአሮጌው ናይን ተርቲ ክለብ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ፣ የብርሃን ስሜቱ 400 የሆነውን ትራይ ኤክስ ፊልም እንደ 1600 ቆጥሬ አነሳና ፊልሙን ሳጥብ ጊዜውን አረዝማለሁ። ፍላሽ ትቼ ነበር፤ ጊታሪስቱ «ዓይኔን አጠፋኸው» ካለኝ በኋላ አፈርኩ። አንዱን ፎቶ አንድ መጽሔት ያለ ስሜና ያለ ክፍያ አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ማህተም ሳላሳርፍበት ከእጄ የወጣ የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ እነዚያን ፎቶዎች ከሌላ ሰው ሥራ ለመለየት የጀርባውን ማህተም ማየት አለብኝ።

ወጥ ቤቱ ይለያል። ሦስቱ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አይበሉም፤ እዚያው ከተማ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብቅ ያለውን የስትሬት ኤጅ መንገድ ስለሚከተሉ መጠጥና ሲጋራም አይነኩም። ከጎረቤት ሰፈር ከአዳምስ ሞርጋን እንጀራ ገዝቼ ሽሮና ምስር ስሠራላቸው ድስቱን ይጠርጉታል። የእነሱ ጾም ፋሲካ የለውም። የከተማቸው ልጆች የሆኑትን፣ ራስ ተፈሪያኑን ባድ ብሬይንስ የተባለውን ባንድ ስለሚያመልኩ ስለ ጃንሆይ ይጠይቁኛል፤ በደርግ ዘመን ያደግኩት እኔ የምመልሰው ግን የሚጠብቁትን አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ማዕድ ላይ ካሜራ ሳነሳ ሁሉም ፊታቸውን ያስተካክሉ ነበር። ኋላ አንድ ነገር ተስማማን፤ የእያንዳንዱን ጥቅል ፊልም ፎቶዎች በትንንሹ ያተምኩበትን የናሙና ወረቀት ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፣ ፎቶውን ያልወደደ ሰው በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛል፣ የተሰረዘ በትልቁ አይታተምም። ካሜራውን የረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ዋጋ አስከፍሎኛል፤ ባንዱ የፈረሰበትን ሌሊት ያነሳሁትን፣ ምናልባት የሕይወቴ ምርጥ የሆነውን ፎቶ ድራመሩ ሰረዘው። አላተምኩትም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ባለፈው ዓመት ድምፃዊው ከብዙ ዘመን በኋላ ደወለልኝ። ከመድረክ ፎቶዎቹ አንዱን የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። የፈለገው የማቀዝቀዣውን በር ፎቶ ነው፦ የወሩ የስልክ ሂሳብ ተለጥፎበታል፣ ወደ አዲስ አበባ የደወልኳቸው በሙሉ ተሰምሮባቸዋል። አትሜ ላክሁለት። ከሥር በእርሳስ የተጻፈው «አልተከፈለም» በደንብ ይነበባል።